አሮጌ ዲጂታል ካሜራን ለኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ መለወጥ፦ ከመፍታት እስከ መጀመሪያው ምስል

በዲጂታል ካሜራ ውስጥ፣ ብርሃንን ተቀብሎ ምስል ከሚሠራው ሴንሰር ፊት፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ያለው ስስ መስታወት ተቀምጧል። የዚህ መስታወት ሥራ ሴንሰሩ ሊያየው የሚችለውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ማገድ ነው። የሰው ዐይን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ያያል፤ ከሲሊከን የተሠራው ሴንሰር ግን እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ ይቀበላል፤ መስታወቱ ባይኖር ኖሮ የቆዳውም፣ የልብሱም፣ የቅጠሉም ቀለም በተዛባ ነበር። ካሜራን ለኢንፍራሬድ መለወጥ ማለት እንግዲህ ይህን መስታወት አውጥቶ፣ የሚታየውን ብርሃን የሚያግድና ኢንፍራሬዱን የሚያሳልፍ ሌላ መስታወት በቦታው መተካት ነው።

ሥራው በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያልቅም፣ ውጤቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም የተኪው መስታወት ውፍረትና የአቧራ ጉዳይ ናቸው። በእኔ ግምት መፍታቱና መግጠሙ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ የሚወጣው ሥራ ነው። ውፍረቱን ሳይለካ የጀመረ ሰው ግን ካሜራው በትክክል ተገጥሞ፣ በትክክል እየሠራ፣ የሩቁን ተራራ አጥርቶ ማንሳት የማይችል ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ረዘም ያለ ቦታ የሰጠሁት ለእነዚህ ሁለት ጉዳዮችና ለሕይወት አስጊ ለሆነው ለፍላሹ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ክፍል) ነው።

የምናነሳው ብርሃን

አንዳንዶች በአማርኛ ታህተ ቀይ የሚሉትን ይህን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1800 ያገኘው የሥነ ፈለክ ሊቁ ዊልያም ኸርሼል ነው። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ማዶ ለዐይን ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በዚህ ብርሃን ያነሳቸውን የመሬት ገጽታ ፎቶግራፎች አሳተመ። ቅጠል እንደ ውርጭ ነጥቶ የሚታይበት ክስተት እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ቅጠሉ የሚነጣው ክሎሮፊል ይህን ብርሃን ስለማይመጥና፣ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳትና በመካከላቸው ያለው አየር ብርሃኑን መልሰው ስለሚበትኑት ነው። ሰማዩ የሚጠቁረው ደግሞ አየር አጭሩን ሞገድ አብዝቶ፣ ረጅሙን ግን አሳንሶ ስለሚበትን ነው፤ 720 ናኖሜትር ያለው ብርሃን ከ450 ናኖሜትሩ ሰማያዊ ጋር ሲነጻጸር የሚበተነው ስድስት ጊዜ ያህል ባነሰ መጠን ነው። በርቀት ያለ ተራራ በኢንፍራሬድ ምስል ላይ ጭጋጉ ተገፎ ጥርት ብሎ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ብርሃን የሰውነትን ሙቀት ከሚያሳዩት ካሜራዎች ብርሃን ጋር መምታታት የለበትም። የሙቀት ካሜራ ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ያለውን እጅግ ረጅም ሞገድ የሚቀበል ሌላ ዓይነት ሴንሰር ይፈልጋል። እኛ የምናነሳው ከቀይ ቀለም ቀጥሎ ያለውን፣ ከፀሐይ መጥቶ በነገሮች ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን ነው።

ካሜራን ሳይፈቱ፣ ሆያ አር72 የመሰለ ፊልተር ሌንሱ ላይ ገጥሞ ማንሳትም ይቻላል። ነገር ግን የውስጡ መስታወት አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ስለሚያግድ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አንዱ ምስል ብዙ ሰከንዶችን ሊወስድ ይችላል፤ ትራይፖድ የግድ ይሆናል፤ ነፋስ ያወዛወዘው ቅርንጫፍም ይደበዝዛል። የተለወጠ ካሜራ ይህንኑ ምስል በእጅ ተይዞ፣ እንደ ማንኛውም ፎቶ በቅጽበት ያነሳል። ለመለወጥ የሚደክምበት ምክንያትም ይህ ነው።

ካሜራውን መምረጥ

ለመጀመሪያ ሙከራ የምመክረው አሮጌና ከአገልግሎት ውጭ ቢሆን የማይቆጭ፣ ነገር ግን በደንብ የሚሠራ ኮምፓክት ካሜራ (ሌንሱ የማይነቀል ትንሽ ካሜራ) ነው። ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። ኮምፓክት ካሜራ ፎከስ የሚያደርገው ሴንሰሩ ራሱ በሚያየው ምስል ስለሆነ፣ በኢንፍራሬድ ምክንያት የሚመጣውን የፎከስ ልዩነት በራሱ ያስተካክላል። ሚረርለስ የሚባሉት፣ ውስጣቸው ሚረር (አንጸባራቂ መስታወት) የሌላቸው ካሜራዎችም እንዲሁ ናቸው። ሚረር ያለው ዲኤስኤልአር ከሆነ ግን የፎከስ መለኪያው ከሚረሩ ሥር፣ ከሴንሰሩ ተለይቶ የተቀመጠና የሚታየውን ብርሃን የሚለካ ነው። ሴንሰሩ የሚቀበለው ሌላ ብርሃን በመሆኑ ሁለቱ አይስማሙም፤ የብርሃን መለኪያውም በተመሳሳይ ምክንያት ይሳሳታል። ስለዚህ ዲኤስኤልአር የሚለውጥ ሰው ላይቭ ቪው፣ ማለትም ሴንሰሩ የሚያየውን በስክሪኑ የማሳየት ችሎታ፣ ያለውን ይምረጥ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካኖን 450ዲ ለዚህ አንድ ምሳሌ ነው።

ሴንሰሩ መንቀጥቀጥን ለመከላከል በማግኔት ላይ የሚንሳፈፍባቸውን ካሜራዎች ጀማሪ አይንካ። ማግኔቱ ካቻቢቴውን ይስባል፤ ስስ የሆኑት ጠፍጣፋ ኬብሎችም በቀላሉ ይቀደዳሉ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጨርሶ መፍታት የማያስፈልጋቸው አሉ፤ የሲግማ ኤስዲ14 ካሜራ ኢንፍራሬድ ከልካዩ ከሌንሱ መግጠሚያ ጀርባ በእጅ እንዲወጣ ሆኖ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ካሜራ ያገኘ ሰው ከዚህ በታች ያለውን የመፍታት ክፍል ዘልሎ ወደ ማንሳቱ ሊሄድ ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮል ወደ ካሜራው አዙረው አንዱን ቁልፍ እየተጫኑ በካሜራው ስክሪን ይመልከቱ። ብዙዎቹ ሪሞቶች 940 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ብርሃን ስለሚሠሩ፣ ፈዛዛ ነጭ ወይም ሐምራዊ ነጥብ ይታያል። ይህን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት፤ ከሥራው በኋላ ለማነጻጸር ያገለግላል።

መስታወቱን መምረጥ፦ ውፍረትና ሞገድ

አንድ ብሎን እንኳ ከመፍታትዎ በፊት በአሮጌው መስታወት ቦታ ምን እንደሚተኩ ይወስኑ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ ስለሚሰበር፣ ከሴንሰሩ ፊት የተቀመጠ መስታወት ምስሉ የሚያርፍበትን ቦታ ከውፍረቱ ሲሶ በሚያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ወጥቶ ምንም ካልተተካ፣ ምስሉ ከሴንሰሩ ፊት 0.67 ሚሊሜትር ቀድሞ ያርፋል። ይህ ለዐይን ኢምንት ቢመስልም ለካሜራ ግን ብዙ ነው፤ ሌንሱ ወደ ሩቅ ነገር እስከ መጨረሻው ቢዞር እንኳ የሩቁ አይጠራም። በ1 ሚሊሜትር መስታወት ቢተካ ደግሞ 0.33 ሚሊሜትር ይጎድላል። ስለዚህ ተኪው ከወጣው ጋር እኩል ውፍረት ያለው፣ ወይም እጅግ የተቀራረበ መሆን አለበት።

ለታወቁ ሞዴሎች በልክ ተቆርጠው የሚሸጡ መስታወቶች አሉ፤ ይህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ለኮምፓክት ካሜራ ሙከራ ግን ርካሽ አማራጭም አለ። በሙሉ ብርሃን ካየ በኋላ የታጠበ የቀለም ኔጋቲቭ ፊልም፣ ማለትም በየጥቅሉ መጀመሪያ ላይ የምናገኘው ጥቁር ጫፍ፣ የሚታየውን ብርሃን በአብዛኛው አግዶ ኢንፍራሬዱን ያሳልፋል። የጥቁርና ነጭ ፊልም ግን አይሆንም፤ እሱን ያጠቆረው ብር ስለሆነ ኢንፍራሬዱንም ያግዳል። በቀድሞ ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸው ቤተሰቦች ዘንድ እንዲህ ያለ ቁራጭ ዛሬም አይጠፋም። ፊልሙ በጣም ስስ በመሆኑ የጎደለውን ውፍረት ለመሙላት በላቦራቶሪ የሚሠራበትን የማይክሮስኮፕ ስላይድ ይጠቀሙ፤ ስላይዱ 1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ናሙና የሚሸፈንበት ስስ መስታወት ደግሞ 0.17 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሁለቱን በማደራረብ ወደሚፈለገው ውፍረት መቅረብ ይቻላል። የፊልሙ ጭረት በምስሉ ላይ ስለሚታይ ይህ የልምምድ መንገድ እንጂ የመጨረሻ ምርጫ አይደለም።

የሞገዱ ምርጫ በሚፈልጉት ምስል ይወሰናል። በ590 ናኖሜትር የሚጀምር መስታወት ከሚታየው ብርሃን ብርቱካናማውንና ቀዩን ስለሚጨምር ብዙ ቀለም ይሰጣል፤ ቅጠሉ ወርቃማ፣ ሰማዩ ደግሞ ከማስተካከያ በኋላ ሰማያዊ ይሆናል። 720 በብዛት የሚመረጠው ነው፤ ለጥቁርና ነጭም ሆነ ለቀለም ያገለግላል። 830 ወይም 850 ግን ለጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ በዚያ ሞገድ ላይ የሴንሰሩ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ሁሉ ብርሃኑን እኩል ስለሚያሳልፉ የቀለም ልዩነት አይኖርም። ግልጽ መስታወት ቢተካ ካሜራው ሙሉውን ብርሃን ይቀበላል፤ ከዚያ በሌንሱ ላይ ፊልተር እየቀያየሩ መሥራት ይቻላል። ይህ ለሚረርለስ መልካም ሲሆን ለዲኤስኤልአር ግን ጥቁሩ ፊልተር የመመልከቻ ቀዳዳውን ስለሚያጨልመው አይመችም። አንድ ካሜራ ብቻ ላለውና ገና ለሚጀምር ሰው እኔ 720ን እመርጣለሁ።

ቦታና መሣሪያ

ትንንሽ የመስቀል ካቻቢቴዎች ያስፈልጋሉ። በብዙ የጃፓን ካሜራዎች ላይ ያሉት ብሎኖች ጄአይኤስ በሚባለው የጃፓን ልክ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ተራው የመስቀል ካቻቢቴ ጭንቅላታቸውን ይፈጫል፤ በትክክለኛው ቢሠሩ ይሻላል። ከዚህ ሌላ የፕላስቲክ ጫፍ ያለው ወረንጦ፣ የጎማ አየር መንፊያ፣ ቴስተር፣ 2 ኪሎኦም የሆነ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር፣ ካሊፐር፣ ቃጫ የማይተው ጨርቅና አይሶፕሮፒል አልኮል ያዘጋጁ።

ክፍሉን መስኮት ዘግተው፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፣ አቧራው እስኪያርፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። በበጋ ወራት ይህ ጥንቃቄ እጥፍ መሆን አለበት። በመስታወቱና በሴንሰሩ መካከል የምትቀር አንዲት ብናኝ ካሜራው እንደገና እስኪፈታ ድረስ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትኖራለች። የሱፍ ሹራብ አይልበሱ፤ ሥራ ከመጀመርዎ በፊትም መሬት የነካ ብረት በመዳሰስ ሰውነትዎ ላይ ያለውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያስወግዱ።

ከሁሉ በፊት፦ የፍላሹ ካፓሲተር

ፍላሽ ያለው ካሜራ ሁሉ ውስጡ 300 ቮልት አካባቢ የሚያከማች ካፓሲተር አለው፤ ባትሪው ከወጣ በኋላም ኃይሉ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ከሥራው ቀን አስቀድመው ፍላሹን በሜኑ ያጥፉት፤ ባትሪውንና ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ፤ ካሜራውንም አንድ ቀን ሙሉ ያሳድሩት። ይህን ካደረጉ በኋላም ኃይሉ አልቋል ብለው አይመኑ። ሽፋኑ ሲከፈት ካፓሲተሩን ከፍላሹ አጠገብ ያገኙታል፤ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህል ሞላላ ነገር ነው። እግሮቹን በእጅ ሳይነኩ፣ ሽቦው በፕላስቲክ የተሸፈነውን ሬዚስተር በሁለቱ እግሮች መካከል ለጥቂት ሰከንዶች ያስነኩ፤ ከዚያ በቴስተር ይለኩና ከ10 ቮልት በታች መሆኑን ያረጋግጡ። በካቻቢቴ በቀጥታ አገናኝቶ ማራገፍ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ፍንጣሪው የካሜራውን ቦርድ ያቃጥላል፤ ድንጋጤውም እጅን ያስወረውራል። ልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ወይም በልቡ ውስጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተተከለለት ሰው፣ ይህን ክፍል ለሌላ ይተው።

መፍታት

እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ እያነሱ ይሂዱ። ባዶ ወረቀት ላይ የካሜራውን ንድፍ ሥለው፣ ብሎኑን ከወጣበት ቦታ ትይዩ በፕላስተር ይለጥፉት፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ አንዱን ረጅም ብሎን በአጭሩ ቦታ መግጠም ቦርድ ሊበሳ ይችላል። ከዳርና ዳር የሚታዩት ብሎኖች ሁሉ ወጥተው ሽፋኑ እምቢ ካለ፣ በባትሪው በር ውስጥ፣ በገመድ መሰኪያው ክዳን ሥር ወይም በጎማው መያዣ ሥር የተደበቀ ብሎን አለ ማለት ነው። አይታገሉት፤ ይፈልጉት።

ሽፋኑ ሲላቀቅ ቀስ ብለው እንደ መጽሐፍ ይክፈቱት፤ ከኋላ ሆኖ የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ኬብል ሊኖር ይችላል። ስልክ ጠጋኞች ፍሌክስ የሚሉትን ይህን ኬብል ከመሳብዎ በፊት መሰኪያውን ይመርምሩ፤ አብዛኞቹ ወደ ላይ የሚነሳ ቀጭን መቆለፊያ አላቸው፤ መቆለፊያው በፕላስቲክ ነገር ሲነሳ ኬብሉ ሳይጎተት ይወጣል። ስክሪኑን ካነሱ በኋላ ከሥሩ ያለውን የብረት ሰሌዳ ያውጡ፤ በብዙ ኮምፓክት ካሜራዎች ከዚያ ቀጥሎ በሌንሱ ጀርባ በሦስት ብሎኖች የተያዘው ሴንሰር ይታያል።

እዚህ ላይ እጅዎ ይዘግይ። እነዚህ ሦስት ብሎኖች ሴንሰሩን መያዝ ብቻ ሳይሆን ከሌንሱ ጋር ያለውን ርቀትና ትይዩነት ይወስናሉ። ከሥራቸው ስስ ቀለበት ወይም ስፕሪንግ ካለ፣ የትኛው ከየትኛው ብሎን ሥር እንደነበረ ይመዝግቡ። እያንዳንዱ ብሎን እስኪለቅ ስንት ዙር እንደሄደ ቆጥረው ይጻፉ፤ ሲገጥሙ ወደዚያው ቁጥር መመለስ አለበት። ማጣበቂያ ወይም ቀለም ከተቀባባቸው፣ ከመፍታትዎ በፊት የብሎኑን አቅጣጫ በቀጭን ብዕር ምልክት ያድርጉበት።

መለዋወጥ

ሌንሱን ወደ ታች፣ ሴንሰሩን ወደ ላይ አድርገው ብሎኖቹን ይፍቱና ሴንሰሩን በኬብሉ እንደተያዘ ወደ ጎን ያንሱት። ሰማያዊው መስታወት ብዙውን ጊዜ በጎማ ክፈፍ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። በዳሩ ይዘው ያውጡትና ውፍረቱን፣ ርዝመቱንና ስፋቱን በካሊፐር ይለኩ። የተዘጋጀው ተኪ በልኩ ካልሆነ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሊቆረጥ ይችላል፤ እስከዚያ ሴንሰሩን መልሰው በብሎኖቹ ይያዙት፣ ክፍቱንም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። ከተቆረጠው መስታወት ጫፍ ብናኝ ስለሚረግፍ፣ ከመግጠምዎ በፊት በአልኮል ታጥቦ ይድረቅ።

ሴንሰሩ ላይ በአፍ አይተንፍሱ፤ የጎማውን መንፊያ ብቻ ይጠቀሙ። አዲሱን መስታወት በብርሃን ላይ አዘንብለው ሁለቱንም ገጽ ይመልከቱ፤ ንጹሕ ከሆነ በክፈፉ ያስቀምጡት፤ ሴንሰሩን ወዲያው ይመልሱና ሦስቱን ብሎኖች በየተራ ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ ወደ ተጻፈው ዙር ያድርሱ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሴንሰሩን ያጋድለዋል፤ ያን ጊዜ የምስሉ አንድ ጎን ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል።

ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋትዎ በፊት ኬብሎቹን ሰክተው፣ ካፓሲተሩን ከእጅ አርቀው፣ ባትሪ አስገብተው ይሞክሩ። ሪሞቱ አሁን እንደ አምፖል ያበራል። ካሜራውን በመስኮት ወደ ሩቅ ዛፍ ያዙሩ። የቅርቡ ጠርቶ የሩቁ ከደበዘዘ ሴንሰሩ ከሌንሱ ርቋል ማለት ነው፤ ባትሪውን አውጥተው፣ ካፓሲተሩን እንደገና አራግፈው፣ ሦስቱንም ብሎኖች በእኩል ሩብ ዙር ያጥብቁ፣ ወይም ወፍራም መስታወት ይተኩ።

ማንሳትና ማስተካከል

የመጀመሪያው ምስል በሙሉ ቀይ ሆኖ ሲወጣ አይደንግጡ። ፀሐይ ያረፈበትን አረንጓዴ ሣር ሞልተው አንስተው፣ በዚያው ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በእጅ ያስተካክሉ፤ ካሜራው ሮው ፋይል (ያልተቀነባበረ የሴንሰር መረጃ) የሚሰጥ ከሆነ በዚያ ይሥሩ። ቀዩ ቻናል፣ ማለትም የምስሉ የቀይ ቀለም ክፍል፣ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚሞላ ሂስቶግራሙን (የብርሃን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) እያዩ ብርሃኑን በጥቂቱ ይቀንሱ። አንዳንድ ሌንሶች በምስሉ መሀል ብሩህ ክብ ነጠብጣብ ይፈጥራሉ፤ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ (አፐርቸር) ሲጠብ ይብስበታል። ሌንሱን በየቀዳዳው ስፋት በሰማይ ላይ ሞክረው ማወቅ ያስፈልጋል።

ተራው ፎቶግራፍ አንሺ የሚሸሸው የቀትር ፀሐይ ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው። በኢትዮጵያ ከመስከረም የተሻለ ወር አላውቅም፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ሣሩ ለምልሟል፣ ነጫጭ ደመናዎች በጠራው ሰማይ ላይ ይንሳፈፋሉ። በእንጦጦ ያለው ባሕር ዛፍና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው ጽድ በጥቁር ሰማይ ላይ ነጭ ሆነው ሲወጡ፣ ለዓመታት ያየነውን ቦታ እንደ አዲስ እናየዋለን። ቤት ውስጥ ግን የኤልኢዲ አምፖል ኢንፍራሬድ ከሞላ ጎደል ስለሌለው ምስሉ ይጨልማል፤ የእንጨት እሳትና ባለ ክር አምፖል በብዛት ይሰጣሉ።

ሰው ሲነሳ ቆዳው ወተት መስሎ ዐይኑ ይጠቁራል፤ በጥቁር ቀለም የተነከረ ልብስም ሊነጣ ይችላል። አንዳንድ ስስ ልብስ በዚህ ብርሃን በከፊል ያሳያል፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1998 ናይትሾት የተባለውን፣ በጨለማ ለማንሳት የሚያገለግለውን የቪዲዮ ካሜራዎቹን ዘዴ የለወጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ሰውን ያለ ፈቃዱ በዚህ ካሜራ ማንሳት ነውር ነው፤ ለሚነሳውም ሰው ካሜራው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

የ720 ምስል ቀለም ማስተካከያው አጭር ነው። ነፃ በሆነው በጊምፕ ፕሮግራም ከቀለም ሜኑ የቻናል መቀላቀያውን ይክፈቱ፤ በቀዩ ውጤት ላይ ቀዩን 0፣ ሰማያዊውን 1 ያድርጉ፤ በሰማያዊው ውጤት ላይ በተቃራኒው ቀዩን 1፣ ሰማያዊውን 0 ያድርጉ፤ አረንጓዴውን አይንኩ። ቡናማ ሆኖ የነበረው ሰማይ ወደ ሰማያዊ ይመለሳል። ሮው የሚያስተካክሉ ፕሮግራሞች ዋይት ባላንሱን የሚፈለገውን ያህል ዝቅ ማድረግ ካልቻሉ፣ በካሜራው ውስጥ በሣሩ ላይ የተስተካከለው የጄፔግ ምስል ለመነሻ ይበቃል።

የወጣውን ሰማያዊ መስታወት አይጣሉት። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው፣ የካሜራውን ሞዴል፣ የመስታወቱን ውፍረትና የሦስቱን ብሎኖች ዙር በላዩ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ካሜራውን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ቢፈልጉ፣ ወይም ሌላ ሞገድ ያለው መስታወት ለማዘዝ ቢያስቡ፣ የሚያስፈልገው ልክ ሁሉ እዚያ ላይ ይገኛል።